«ጥንቸል አይበረክትም» ለምትሉ

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ከረማችሁ? ስለ ከብትና ስለ በግ በሽታ አልፎ አልፎ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እስቲ አንድ ጊዜ ለጥንቸልም ቦታ ስጡልን። እዚህ ደሴ በኛ ሰፈር ልጆች ጥንቸል ያሳድጋሉ፣ ስሟን አውጥተው፣ ሳር አጭደው፣ እንደ ቤተሰብ ነው የሚያዩዋት፤ ከዛ አንድ ቀን ጠዋት ሞታ ትገኝና ትልልቁ ሰው «ጥንቸል እኮ አይበረክትም» ወይ ደግሞ «ዓይን በልቷት ነው» ብሎ ልጁን ያጽናናዋል። እኔን ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። በደንብ የተያዘች ጥንቸል 8 ዓመትም 10 ዓመትም ትኖራለች፣ ብዙ ጊዜ የሚገላት እኛው የምናበላት ነገር ነው።

በተለይ የቡና ሰዓት። ወሎ ውስጥ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ረጅም ነው፣ ጥንቸሏም ቄጠማው ላይ ትመጣና ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች ታሸታለች፣ የወሎ ሰው ደግሞ ዓይኑ እያየ ብቻውን መብላት አይሆንለትም፣ በቃ ሁሉም ከቡና ቁርሱ ትንሽ ትንሽ ያቀምሳታል፣ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ብስኩት፣ ሕፃኑ ስኳር ሳይቀር። በፍቅር ነው የሚሰጣት፣ አውቃለሁ። ግን ሆዷ ለዚህ አልተሠራም።

የጥንቸል ምግብ ዋናው የሚፈጨው ጨጓራዋ ውስጥ አይደለም፣ ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ከጨጓራዋ በጣም የሚበልጥ ከረጢት አለ፣ እዛ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ሳሩን የሚያብላሉት። አንጀቷ እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው የሳሩ ጭረት፣ ማለትም ቃጫው ነው፣ ጭረቱ ሲቀንስና ዳቦና ስኳር ሲበዛ ግን አንጀቱ ይዝላል፣ መጥፎዎቹ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ጋዝ ይሞላል፣ ያማታል፣ ሲያማት መብላት ታቆማለች፣ መብላት ስታቆም ደግሞ አንጀቱ ጭራሽ ይቆማል። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፣ የገባው ነገር ሁሉ በዛው አልፎ መውጣት አለበት።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ድርቆሽ። ከምትበላው 80 በመቶ በላይ ድርቆሽና ሳር መሆን አለበት፣ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይጥፋ። ጥርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ሳር ካላኘከች ይረዝምና አፏን ያቆስላታል። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ኅዳር ላይ ሳር ሲታጨድ አንድ ሁለት ሸክም ገዝቶ ዝናብ የማይነካው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ስትገዙ እጃችሁን ወደ መሀሉ ከታችሁ እፍኝ አውጡና አሽትቱት፣ አረንጓዴነቱ ያልጠፋና ደስ የሚል ሽታ ያለው ይሁን፣ አቧራው ቡን የሚል ወይ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ከሆነ ተዉት። የጤፍ ጭድ ለጭረት ይረዳል እንጂ ብቻውን ምግብ አይሆናትም። አልፋልፋ ለግልገሎቹ ጥሩ ነው፣ ለትልቋ ግን ይከብዳታል። ሰርዶ፣ የካሮት ቅጠል፣ በሶብላ፣ ናና ስጧት፣ ካሮቱ ራሱ ግን ስኳር ስላለው ቁራጭ ይበቃል። ጥቅል ጎመን የሚነፋት አለች፣ አቮካዶ ደግሞ መርዝ ነው፣ በፍጹም። ታጭዶ ተከምሮ የሞቀ ሳርም አትስጡ። ምግብ ስትቀይሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት እየቀላቀላችሁ ይሁን፣ ዳቦ ለለመደችው ግን ዳቦውን ዛሬውኑ አስቁሟት፣ ድርቆሹን አብዙላት።

በጠጧን በየቀኑ እዩ። ጤነኛዋ የምትጥለው ክብ፣ ደረቅ፣ የሽምብራ ያህል ነው፣ በጣት ሲፈረፈር ውስጡ የሳር ጭረት ይታያል። እያነሰ ምስር ካከለ አንጀቷ እየዘገየ ነው ማለት ነው። ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የተያያዘም ትጥላለች፣ እሱን ከራሷ ላይ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች፣ አትከልክሏት ቫይታሚኗ እሱ ውስጥ ነው፤ ሳትበላው መሬት ላይ እየቀረ ከሆነ ግን ምግቧ በዝቷል።

ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልበላችና ካልጣለች፣ ጥግ ይዛ ተኮራምታ ጥርሷን ካፋጨች «ነገ ይሻላታል» አይባልም፣ የዛኑ ዕለት የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት፣ እስክትደርሱ ሙቀት እንዳታጣ ሸፍኗት። ሆዷ ተነፍቶ ከጠነከረ በግድ ምግብ አታጉርሷት። ግልገል ውሃ የሆነ ተቅማጥ ከያዛትም እንደዚሁ ነው፣ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ ሊሆን ይችላል፣ በእርጥብና በቆሸሸ ጎጆ ይብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን በጥብጦ ማጠጣት ተለምዷል፣ ለሰው ያዳነ እሷንም ያድናል ተብሎ። ጥንቸልን ይገላታል! በአፍ የሚሰጥ የፔኒሲሊን ዘር ሁሉ ከረጢቷ ውስጥ ያሉትን ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ጨርሶ መርዝ የሚያመነጩትን ነው የሚያነግሠው።

አዘጋጅ፣ የከተማችን ክሊኒኮች በብዛት የሚያዩት ከብትና አህያ ስለሆነ እባካችሁ አንድ የእንስሳት ሐኪም አነጋግራችሁ ለጥንቸል የትኛው መድኃኒት እንደሚሆንና እንደማይሆን ጻፉልን፣ ከተቻለ ከዓመት በዓሉ በፊት፣ ያኔ ድፎ ዳቦው በየቤቱ ስለሚበዛ።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ