ጉዳዩ፦ የገጽ መገልበጫው ቁልፍ ይመለስልኝ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የኢ-ቡክ ማንበቢያችሁን ስጠቀም ዓመታት አልፈዋል። የመጀመሪያው ሲያረጅብኝ አዲሱን የገዛሁትም ከእናንተው ነው። ዕቃውን ጠልቼው አይደለም የምጽፈው። ከእጄ ስለማይለይ ነው ጥፋቱ የሚያንገበግበኝ።

ከቁልፉ ልጀምር። አሮጌው በጎኑ የገጽ መገልበጫ ቁልፍ ነበረው። አዲሱ የለውም፣ ሁሉም ነገር በስክሪን ንክኪ ሆኗል። ማታ ጋደም ብዬ በግራ እጄ ይዤው ሳነብ፣ አውራ ጣቴ የሚያርፈው ቀጭኑ ጠርዝ ላይ ነው። ትንሽ ስቶ ስክሪኑን ነካ ካደረገ ገጹ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለማስተካከል ሌላኛውን እጄን ከብርድ ልብስ ውስጥ ማውጣት አለብኝ። ውኃ አይገባውም ብላችኋል፤ እውነት ነው፣ አይገባውም። ግን አንዲት ጠብታ ስታርፍበት ጣት ትመስለውና ሦስት አራት ገጽ ይነጉዳል። ቁልፍ ቢኖረው ንክኪውን አጥፍቼ አርፌ አነብ ነበር። የዕቃውን ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ታችኛው ጠርዝ ላይ አድርጋችሁታል። ደረቴ ላይ ሳስደግፈው ድርግም ይላል። ይህን የነደፈው ሰው ተኝቶ አንብቦ ያውቃል?

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ የባሰው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዕቃችሁ ግን እስካሁን አላወቀውም። የአማርኛ ፎንት ራሴ ፈልጌ ጫንኩ። መጽሐፉ ውስጥ ስገባ ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ወደ መጻሕፍቱ ዝርዝር ስመለስ ግን ርዕሱ ሁሉ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ነው። የትኛው ሳጥን የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ በሽፋኑ እየገመትኩ ነው የምከፍተው። ባለፈው አፕዴት ስታደርጉት ይባስ ብሎ የጫንኩት ፎንትም ጠፋ።

የአማርኛ ኪቦርድ ስለሌለው መፈለግም ሆነ ማስታወሻ መጻፍ አይቻልም። መዝገበ ቃላቱም አያግዝም። «ከየቤታቸው» የሚለውን ስነካው «አልተገኘም» ይለኛል፤ «ቤት» ግን እዚያው ውስጥ አለ። አንዳንዴ አራት ነጥቡን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ይፈልግና እሱንም አላገኘሁም ይላል። ይቺን እንኳን ማስተካከል ምን ያህል ያስቸግራል?

አንድ ሌላ ነገር። ዓረፍተ ነገሩ ከገጹ ግርጌ ጀምሮ ቀጣዩ ላይ ሲያልቅ ማስመር ፈተና ነው። ጣቴን ጥግ ድረስ ስጎትት ገጹ ይገለበጥና ያሰመርኩት ግማሹ ይቀራል። ፒዲኤፉንማ ተስፋ ቆርጬ ትቼዋለሁ።

ባትሪው ድሮ ሳምንታት ይቆይ ነበር። እንደ እናንተው ያለ የኢ-ኢንክ (የኤሌክትሮኒክ ቀለም) ስክሪን ዋናውን ኃይል የሚበላው ገጽ ሲቀየር ነው፤ ቆሞ ያለ ጽሑፍ አያስከፍለውም። ከአፕዴቱ ወዲህ ግን መነሻ ገጹ ያልጠየቅኩትን የመጽሐፍ ማስታወቂያ ይደረድራል። ዋይፋዩን ካላጠፋሁት በ4 ቀን ቻርጅ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ እያለ ባለ ቀለሙን ሞዴል ይሞክሩት የሚል ኢሜይል ላካችሁልኝ። የስክሪኑ ጥራት ለጥቁርና ነጩ በኢንች 300 ነጥብ፣ ለቀለሙ ግን 150 ብቻ መሆኑን አይቻለሁ። እኔ የማነበው ልብ ወለድ ነው፣ ቀለም ምን ያደርግልኛል?

የምጠይቀው ይህን ነው። በሚቀጥለው አፕዴት የጫንኩት ፎንት ለመጻሕፍቱ ዝርዝርም ይሥራ፤ አፕዴትም አያጥፋው። ኪቦርዱ ይጨመር። ማስታወቂያውን የምዘጋበት ቦታ ይኑር። ቁልፉ በሶፍትዌር እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ቀጣዩ ሞዴል ላይ ይኖር እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። ከሌለ ለአሮጌው ማንበቢያዬ ባትሪ አስቀይሬለት በእሱው እቀጥላለሁ። እባካችሁ ባለፈው እንደላካችሁልኝ «አጥፍተው ያብሩት» የሚል መልስ አትላኩልኝ። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ