እስስቷን የራባት ፀሐይ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ስለ ቤት እንስሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደንበኛ እስኪመጣ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ውሻም ድመትም አለበት። በቀቀን እንኳ አልቀረችም። እንስሳ ምግብ፣ ውኃና መጠለያ ካገኘ በቂ ነው ትላላችሁ። እኔ ሦስቱም ተሟልተውላት ልትሞት የነበረች አንዲት እስስት አውቃለሁ፣ ስለሷ ነው የምጽፍላችሁ።

ጎንደር አራዳ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ከሱቄ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ካፌ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ ወዳጄ ነው፣ ቡና የምጠጣውም አሁን ድረስ እዚያው ነው። አምና ጥምቀት ሲደርስ እንግዳ ይበዛል፣ እንግዳ ደግሞ ፎቶ ይወዳል ብሎ ከአንድ ልጅ እስስት ገዛ። ኬክ ይደረደርበት የነበረ አሮጌ የመስታወት ሳጥን ነበረው፣ እዚያ ውስጥ አስገባት። አንድ ደረቅ እንጨት፣ ከላይ አምፖል፣ ከታች በሲኒ ውኃ። ጥምቀት አለፈ፣ እንግዳው ሄደ፣ እሷ እዚያው ቀረች። ዐቢይ ጾም ገባ፣ ፋሲካ ሆነ፣ ክረምት መጣ። አስተናጋጆቹ ሲያስታውሱ ከጥሬ ሥጋ ቁራጭ ይጥሉላታል፣ ሲረሱ ይረሷታል። እኔም ማኪያቶዬን ይዤ በየቀኑ አጠገቧ እቀመጥ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየኋትም። ወቀሳ ካለ ለሁላችንም ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ ብዙ ቆየሁ። ያን ቀን ነው ያየኋት። እንጨቱ ላይ አልነበረችም፤ ሳጥኑ ወለል ላይ በሆዷ ተዘርግታለች። የፊት እግሯ መሃሉ ላይ እንደ ቀስት ጎብጧል። እንጨቱን ልትይዝ ትዘረጋለች፣ ጣቶቿ ግን አይጨብጡም። ዓይኖቿ ሰርጉደዋል። አንድ ዝንብ መጥቶ አፍንጫዋ ሥር ቆመ። አፏን ከፈተች፣ ምላሷ ትንሽ ብቅ አለና ቀረ። ዝንቡም አልተነሳ። የናቃት መሰለኝ።

«ይህች ነገር ልትሞት ነው» አልኩት ባለቤቱን።

«ውሰዳት ባክህ፣ ለኔም ዕዳ ሆናብኛለች» አለኝ። በካርቶን አድርጌ ወሰድኳት።

ቤት እንደገባሁ የሠራሁትን ጅልነት ልናገር። አጥንቷ የለሰለሰ መሰለኝ፣ ካልሲየም አጥሯት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ካልሲየም ደግሞ ወተት ውስጥ አለ ብዬ ወተት ከንፈሯ ላይ አንጠባጠብኩላት። በማግስቱ ይህን የነገርኩት የእንስሳት ሐኪም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወጣት ልጅ ነው፣ ሥራው ከብትና ፍየል ላይ ነው፣ እስስት አቅፎ የመጣበት ሰው የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ግን አላባረረኝም። «ወንድሜ፣ ወተት ጡት ለጠባ ነው፤ እሷን እናቷ አላጠባቻትም፣ ሆዷ አያውቀውም» አለኝ። ከዚያ በጣቱ መንጋጋዋን በቀስታ ጫን አደረገው። እንደ ጎማ ተለመጠ። ያን ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

እሱ እንዳስረዳኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ልብም ጡንቻም ያለ ካልሲየም አይሠሩም፤ ስለዚህ ደም ውስጥ ሲያንስ ሰውነት ከአጥንት ይበደራል። ይበደራል፣ ይበደራል፣ አይመልስም። የሚጣልላት ሥጋ ደግሞ ፎስፈረሱ ብዙ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ብድሩን ያባብሰዋል። አጥንቱ እያለቀ ሲሄድ ይጎብጣል፣ ምላስ አይወነጨፍም፣ ጣት አይጨብጥም፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል።

«እሺ፣ ካልሲየም ስጠኝ» አልኩት።

«እሰጥሃለሁ፣ ግን ፀሐይ ካላገኘች ካልሲየሙ በሆዷ ገብቶ በሆዷ ይወጣል» አለ። አንጀት ካልሲየምን የሚመጠው ቫይታሚን ዲ3 ሲኖር ነው፣ ይህን ቫይታሚን ደግሞ ቆዳዋ የሚሠራው ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። እኔ ተከራከርኩ። ካፌው ትልቅ መስኮት አለው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳጥኗ ላይ ታርፋለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ለካ መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን አሳልፎ የምትፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። አምፖሉም ቢሆን ማሞቅ እንጂ ያን ጨረር አይሰጥም። በመስኮቱም በሳጥኑም፣ ሁለት መስታወት ተጋርዶባት ነው ስድስት ወር የኖረችው።

ማታ ይህን ለእታለም አወራኋት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ገና ጤና ኮሌጅ እያለ የተማረች። ካርቶኑን ከፍታ እግሯን ስታይ ጭኗን መታች። «ይህማ የሕፃናቱ በሽታ ነው! ሪኬትስ ነው እኮ!» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እናቶችን ስትለምን የኖረችው በዚሁ ጉዳይ ነው። ልጁን ፀሐይ አሙቂው ስትላቸው ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል ብለው ሸፋፍነው ጓዳ ያስተኙታል። የሰሙትም ቢሆኑ ብርድ እንዳይነካው ብለው መስኮቱን ዘግተው በመስታወት ያሞቁታል። ከዚያ ልጁ መቆም ሲጀምር እግሩ እንደ ቅንፍ ይሆናል። «አሁን ደግሞ በእስስት መጣህብኝ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጣች ታያታለች። መጀመሪያ ከሩቅ ሆና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነበር፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሐኪሙ የካልሲየም ሽሮፕ አዘዘ። መጠኑ በክብደቷ ስለሚሰላ መመዘን ነበረባት። የሠፈሬ ሚዛን ሽንኩርት ነው የሚመዝነው። ስለዚህ ወደ ወርቅ ሠሪው ጎረቤታችን ሄድኩ። ጋሼ ሚዛናቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ስንት ካራት ናት?» አሉ። 27 ግራም ሆነች።

ሽሮፑን መርፌው በተነቀለ ትንሽ ሲሪንጅ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ጠብ አደርግላታለሁ፣ ራሷ ትልሰዋለች። አፍ በግድ መክፈት ክልክል ነው፣ መንጋጋው ይሰበራል። እንጨት የጨበጠችን እስስት ጎትቶ ማላቀቅም ለጤነኛዋ እንኳ አደጋ ነው፤ አጥንቷ እንደ ሻማ ለሆነባትማ አስቡት። ከሥሯ እጄን አስገባለሁ፣ በራሷ ጊዜ ትወጣበታለች። ብትወድቅ እንዳትሰበር ቅርንጫፏን ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አድርጌ ከታች አሮጌ ጋቢ አነጠፍኩ።

የውኃው ነገር ሌላ ጉድ ነው። ያ ሲኒ ስድስት ወር ሙሉ ሞልቶ ተቀምጧል፣ እሷ ግን በጥም ነው የደረቀችው። እስስት የቆመ ውኃ ውኃ አይመስላትም። የምታውቀው ቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ነው፣ ጠዋት ጤዛ፣ ከሰዓት ዝናብ። እኔ ፀጉር የማረጥብበትን ዓይነት ስፕሬይ አዲስ ገዛሁና ቅጠል ላይ እነፋላት ጀመር። የመጀመሪያ ቀን ያን ቅጠል ሩብ ሰዓት ያህል ላሰችው። ከኩሷ ጋር የሚወጣው ነጭ መሆን ያለበት ነገር ብርቱካንማ ነበር፣ የድርቀት ምልክት ነው፤ በሳምንቱ ነጣ።

ምግቧ ፌንጣ ነው። የሠፈር ልጆች አንዱን በ1 ብር ያመጡልኝ ነበር፤ አሁን 2 ብር አስገብተውታል፣ ለምን ስላቸው ኑሮ ተወዷል ይሉኛል። መድኃኒት ከተረጨ ማሳ እንዳያመጡ አስምያቸዋለሁ። ፌንጣውን መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ ጎመን አበላዋለሁ፣ ምክንያቱም ባዶ ሆዱን የተበላ ፌንጣ ለሷ ብዙም አይጠቅማትም። ቆስጣ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ጠፍሮ ይይዘዋል። ከዚያ የዕንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት አድርጌ ወቅጬ በወንፊት ነፍቼ እነሰንስበታለሁ። ቅርፊት አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ በነፃም ይገኛል። ፌንጣው ሽሮ ውስጥ የወደቀ ነው የሚመስለው። ዲ3 በጠብታ ልግዛላት ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ሲበዛ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ ቆዳዋ ከፀሐይ የሚሠራውን ግን ራሱ ይመጥነዋል አለኝ።

ይቺ ፀሐይ ግን ነሐሴ ላይ ከየት ትምጣ! የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ደመናው ሲገለጥ ቅርንጫፏን ይዤ መሮጥ ሆነ ሥራዬ። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛዬን ጺም እየላጨሁ ሳለ ብርሃኑ በሩ ላይ ወደቀ። «አንዴ ጋሼ» ብዬው ወጣሁ። ሰውየው ግማሽ ጉንጩ አረፋ እንደሆነ ፎጣውን አንገቱ ላይ አድርጎ ተከትሎኝ ወጣና እሱም አብሮ ፀሐይ ሞቀ። ደግሞ ዝም ብሎ ማሰጣትም አይሆንም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐያችን ስትወጣ አትምርም። ግማሹ ቅርንጫፍ ጥላ ውስጥ መሆን አለበት፣ ሲበቃት ዞር እንድትል። በመስታወት ሳጥን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥማ መቀቀል ነው።

አሁን ስለ አፍ መሸፈኑ። እኛ ልጆች ሳለን እስስት ጥርስህን ከቆጠረች ጥርስህ ይረግፋል ይሉን ነበር። እታለም የፈራችው እሱን ነው፣ ነርስነቷ አላዳናትም። ሁለት ደንበኞቼ በዚህ ምክንያት ሌላ ሱቅ ቀይረዋል። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ጠበል እንድረጭ መክራኛለች። እኔ ጥርሴ ሠላሳ ሁለቱም አለ፣ ከተቆጠረም ተቆጥሮ ተመልሷል።

ስሟንም በከንቱ ነው ያጠፋነው። ቃሉን ያጠፈ ሁሉ እስስት ይባላል። ካፌ ውስጥ ጥቁር ግራጫ ሆና ስትታይ አስተናጋጆቹ ጠረጴዛውን መስላ ነው ይሉ ነበር። በርዷት፣ ተጨንቃና ታማ ነው። በፈረንጆቹ 2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቆዳዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ቀለሟ እንደሚለወጥ አሳይተዋል፤ የማዳጋስካር ዘመዷን መርምረው ነው። የሚለዋውጣት በአብዛኛው ሙቀቱና ስሜቷ ነው። የሚሰማትን ቆዳዋ ላይ የምታወጣ እንስሳ ናት፣ እኛ ደግሞ ለሸፍጥ ምሳሌ አደረግናት። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ከ2 ሰዓት በኋላ ጓሮ ያለው ጌሾ ላይ አስቀመጥኳት። በአንድ ጎኗ፣ ፀሐይ ባረፈባት በኩል ብቻ፣ መጀመሪያ ጠቆረች፣ ሙቀቱን ለመሳብ ነው። ከዚያ ቀስ እያለች አረንጓዴ ሆነች። እንደዚያ አረንጓዴ መሆኗን አላውቅም ነበር።

በመስቀል ማግስት ነው ምላሷ የተመለሰላት። ዝንብ ከፊቷ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ጌሾው ቅጠል ላይ ቆሟል። አንዱን ዓይኗን ወደኔ፣ አንዱን ወደሱ አደረገች። ከዚያ ሁለቱንም ወደሱ አዞረች። ምላሷ ሲወጣ አላየሁትም፣ ሲመለስ ነው ያየሁት። ዝንቡ የለም። ብቻዬን ጓሮ ቆሜ ጮህኩ፣ እታለም ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። ታኅሣሥ ላይ ጋሼ ዘንድ ስንመለስ 38 ግራም ሆነች። «ወርቅም እንዲህ ቢያድግ» አሉ።

መንጋጋዋ ጠንክሯል፣ ጭብጧም መጥቷል። የጎበጠው እግሯ ግን አይቃናም፤ በሽታው ቆመ እንጂ የተጣመመ አጥንት ጠማማ ሆኖ ነው የሚደነድነው። በዚህ እግር ጫካ ልልቀቃት ብል ወፍ ነው የሚበላት አለኝ ሐኪሙ። እና ጌሾው ላይ ትኖራለች፣ ማታ ሲበርድ ቤት ትገባለች። ጥምቀት ደረሰ፣ እንግዳውም እየገባ ነው። የዱር እንስሳ ለቅሞ መሸጥ ያለ ፈቃድ እንደማይቻል በጋዜጣችሁ አንድ ጥግ ላይ ብታነሱት ደስ ይለኛል፣ ዘንድሮም እስስት በእንጨት ይዞ የሚዞር ልጅ አይጠፋም። ወዳጄ ባለካፌው ሳጥኑን መልሶ ኬክ አስገብቶበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጁን በሃይላንድ ፌንጣ ሞልቶ ይልክልኛል፣ በነፃ።

ፎቶዋን ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ጌሾው ላይ በፀሐይ ያነሳኋት ነው። የቀኝ እግሯ ወደ ውጭ የዞረው የካሜራዬ ችግር መስሏችሁ በኮምፒውተር እንዳታቃኑት፣ እንደዚያው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ
ጎንደር፣ አራዳ