ሳጥኑ ነው ያስከፈለኝ

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

የሳይክል መለዋወጫ መወደዱን አንስታችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩት። እውነት ነው፣ ተወዷል። ግን «ከውጭ በኢንተርኔት ማስመጣትም ይቻላል» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። እኔ የተቃጠልኩት እዚያች መስመር ላይ ነው፤ ትንሽ ቦታ ስጡኝ።

መምህር ነኝ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ሳይክል እዚህ የትርፍ ጊዜ ነገር አይደለም። ተማሪውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ገበያተኛውም በዘንባባው ሥር የሚሄድበት እግሩ ነው። (ደብረ ማርቆስ ያሉ ወዳጆቼ ዳገቱን እያሰቡ ይቀኑብናል።) የእህቴ ባል ጣሊያን ሠርቶ ሲመለስ ያመጣትን አንዲት የቆየች ሳይክል ለእኔ ሰጠኝ። አምና መሃሏ ላይ ያለው፣ ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ አለቀ። ጎጃም ውስጥ ያልጠየቅሁበት ሱቅ የለም፤ አዲስ አበባም አስፈለግሁ፣ ጠፋ። ስልኬ ላይ አገኘሁት። ዕቃው 24 ዶላር፣ ማጓጓዣው 38 ዶላር። ዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ ውጭ ያለች የአጎቴ ልጅ ከፈለችልኝ።

ዕቃው ባሕር ተሻግሮ፣ የዓባይን በረሃም አልፎ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ቀረጡ ሲሰላ ግን ደነገጥኩ። ለካ የሚታሰበው በ24 ዶላሩ ብቻ አይደለም። የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ ነው። የእኔ መነሻ መድኑ ሳይገባ እንኳ በአንዴ 62 ዶላር ሆነ። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ይመጣል። ማጓጓዣን አንዴ ከፍዬ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር፤ ታክስ ሆኖ ተመልሶ መጣ። ዶላሩም የድሮው ዶላር አይደለም። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ አልገጠመም።

ሳይክል ሠሪው አንዴ አየው። «መምህር፣ ይቺ እኮ የጣሊያን ናት» አለኝ። እኔ ያዘዝኩት የእንግሊዝ ልክ የሚባለውን ነው፤ 68 ሚሊ ሜትር፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ወደ ግራ የሚጠብቅ። የእኔዋ 70 ሚሊ ሜትር ናት፤ በሁለቱም ጎን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ። ከማዘዜ በፊት ወስጄ ባስለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ልመልሰው ብል የመመለሻው ማጓጓዣ ከዕቃው ይበልጣል። አሁን ኩሽኔታው እዚያው ሳይክል ሠሪው ቤት ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ታሪኬ ይተረካል።

ስለዚህ የማጓጓዣ ወጪ መቀነስ የሚጀምረው ከልክ ነው እላለሁ። ጎማ ስታዙም «26» የሚለውን ብቻ አትመኑ። ከጎኑ በትንሹ የተጻፈውን ፈልጉ። 50-559 ያለውም፣ 37-590 ያለውም በሱቅ ቋንቋ 26 ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ግን ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ልክ ነው፤ በእሱ 31 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ቀጥሎ ሳጥኑ አለ። ፈጣን መልእክት የሚያደርሱት ድርጅቶች በሚዛን ብቻ አያስከፍሉም። የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ብዙ ጊዜ ለ5,000 ያካፍሉታል። የወጣው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ የምትከፍሉት በእሱ ነው። 60 በ60 በ10 በሆነ ሳጥን የታሸገ ቸርኬ፣ ራሱ ኪሎ ባይሞላም፣ እንደ 7.2 ኪሎ ይቆጠራል። አየር እያስመጣችሁ ነው ማለት ነው። ቸርኬ ከዚሁ ከገበያ ይገዛ። ኩሽኔታ፣ ሰንሰለት፣ የፍሬን ሸራ፣ የሚታጠፍ ጎማ ግን ትንሽ ቦታ ነው የሚይዙት። «ነጻ ማጓጓዣ» የሚለውም አያታላችሁ፤ ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

አንዳንድ ሻጭ ደግሞ «ደረሰኙ ላይ 5 ዶላር ልጻፍልህ? ስጦታ ነው ልበልልህ?» ይላል። ለእኔም ተብሎልኛል፤ እምቢ አልኩ። ጨዋ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ጉምሩክ በደረሰኙ ካላመነ ዋጋውን ራሱ ይተምነዋል፣ ቅጣትም አለው። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ደግሞ ካሳ የምትጠይቁት በ5 ዶላር ነው።

የሚያዋጣው ተሰባስቦ ማዘዝ ነው። አንዷን ትንሽ ዕቃ ብቻዋን ማስላክ እንደ ኮንትራት ታክሲ ነው፤ አብሯት የሚሄድ ሲኖር ይቀላል። እኛ አምስት ሳይክል ነጂዎች ዘንድሮ አንድ ደብተር ከፍተናል። የሚፈለገው ዕቃ ከነልኩ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ ሳይክል ሠሪው ሳያየው ማንም አያዝም። የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ትመጣለች፤ ከሻንጣዋ 2 ኪሎ ፈቅዳልናለች። ደረሰኙም አብሮ ይመጣል፤ ከተጠየቀች ታሳያለች። አንድ ሰንሰለት 300 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስድስቱ ገቡ ማለት ነው። በተረፈችው 200 ግራም ምን ይምጣ በሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መምህር፣ ከባሕር ዳር