ክርክሩን ወደ ምክር ቤቱ ይመልሱልን፦ ለአፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር አፈ ጉባኤ፣

የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤትን ለሚመሩት ለእርስዎ የምጽፍልዎት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የምለምንዎት የሪፐብሊካን ፓርቲያችን ክርክር ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከፖድካስት ስቱዲዮ ወጥቶ ወደ ምክር ቤቱ እንዲመለስ ነው። በአማርኛ መጻፌ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

በ1990ዎቹ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። ቀትር ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ወግ አጥባቂውን አቅራቢ ራሽ ሊምቦን እሰማለሁ። እንግሊዝኛዬ የተፍታታው እሱን ስሰማ ነው ማለት እችላለሁ። ስለ ቤተሰብና ሠርቶ ስለ ማደር ሲያወራ፣ አባቴ አገር ቤት ሲነግረኝ የኖረውን የምሰማ ይመስለኝ ነበር። በ2021 በቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድምፄን ሰጠሁ። ያኔ ብዙ ወገኖቼ በኢትዮጵያው ጦርነት ጉዳይ ዴሞክራቶችን ተቀይመው ነው የመረጡት፤ እኔ ግን ድሮም ልቤ እዚያው ነበር። ስለዚህ የምናገረው እንደ ቤት ሰው ነው።

በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ሲያሸንፉ፣ አዲሶቹ ተመራጮች ሊምቦን የክብር አባላቸው አደረጉት። ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳው ቀስ በቀስ የቤቱ አዛዥ እንደሚሆን አልታየኝም።

እርስዎ ወንበሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጡ ያስታውሱ። በኦክቶበር 2023 ከእርስዎ በፊት አፈ ጉባኤ የነበሩት ኬቪን ማካርቲ በ216 ለ210 ድምፅ ተሻሩ። ይሻሩ ካሉት 8ቱ ከራሳቸው ፓርቲ ነበሩ። እንቅስቃሴውን የመራው የምክር ቤት አባል ማት ጌትዝ ከፖድካስት አቅራቢው ስቲቭ ባነን ፕሮግራም አይጠፋም ነበር። ቀጥሎ ጂም ጆርዳን ለወንበሩ ዕጩ ሆነው ቀረቡ። ከፎክስ ኒውስ አቅራቢው ሾን ሃኒቲ ፕሮግራም ለሚያመነቱ አባላት ለምን እንደማይደግፏቸው የሚጠይቅ ኢሜይል ተላከ። የምክር ቤት አባሏ ማሪያኔት ሚለር ሚክስ መጀመሪያ ለጆርዳን ሰጥተው የነበረውን ድምፃቸውን ስለቀየሩ የግድያ ዛቻ ደረሳቸው። ውጤቱስ? ጆርዳን መጀመሪያ 200፣ ቀጥሎ 199፣ በመጨረሻ 194 ድምፅ አገኙ። ጫናው በበረታ ቁጥር ድምፁ ቀነሰ። እርስዎ በ220 ድምፅ የተመረጡት ሰዉ በዚያ ሁሉ ከተሰላቸ በኋላ ነው።

ስቱዲዮው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ የድምፅ መስጫ ማሽን አምራቹ ዶሚኒየን፣ በ2020 ምርጫ ላይ በተነገረ ሐሰት ምክንያት በፎክስ ኒውስ ላይ ያቀረበው ክስ አሳይቶናል። ፎክስ ኒውስ በ2023 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ፍርድ ቤት በቀረቡት መልእክቶች አቅራቢዎቹ በአየር ላይ የሚወራውን ራሳቸው እንደማያምኑት አነበብን። ተመልካቹ ወደ ተፎካካሪው ጣቢያ ኒውስማክስ እንዳይሄድባቸው ፈርተው ነበር። ሲነዱ ውለው ማታ ቤታቸው ያንን የሚሰሙ ሰዎች ግን አምነው ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከሴፕቴምበር 19 እስከ ኖቬምበር 12፣ 2025 ምክር ቤቱ አንድም ድምፅ አልሰጠም። በጀት ባለመጽደቁ መንግሥት ለ43 ቀናት ሥራ አቁሞ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እርስዎ በጀቱን አሳልፈናል፣ የቀረው የሴኔቱ ነው አሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ፀቡ አብሮ አልተዘጋም። ያኔ ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል የነበሩት ማርጆሪ ቴይለር ግሪን ስለ ጤና መድን ዋጋ ያላቸውን ቅሬታ በቴሌቪዥን ተናገሩ። ቅሬታው እውነተኛ ነበር፤ መነገር የነበረበት ግን እርስዎ መዶሻ ይዘው በሚቀመጡበት አዳራሽ ነው። በዚያው ኦክቶበር የቀድሞው የፎክስ ኒውስ አቅራቢ ታከር ካርልሰን በፖድካስቱ ነጭ ብሔርተኛውን ኒክ ፉዌንቴስን ጋብዞ ከሁለት ሰዓት በላይ አወራው። የወግ አጥባቂዎቹ የጥናት ተቋም የሄሪቴጅ ፋውንዴሽን መሪ ኬቪን ሮበርትስ ለካርልሰን ጠበቃ ሆኑ፤ የቦርድ አባላቸው ሮበርት ጆርጅም ለቀቁ። እንደ እኔ ያለ ጥቁር ስደተኛ በዚህ ፓርቲ ቦታ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ በፖድካስት ሲወሰን ማየት በጣም ከባድ ነው።

ባለቤቱ የናቀውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል። እርስዎ ምክር ቤቱን ባዶ ካደረጉት፣ ካርልሰን ወይም ባነን ለምን ያከብሩታል?

በሩ ሲከፈት የሆነውንም አይተናል። በወሲብ ወንጀል የተከሰሰው የሟቹ ባለሀብት የጄፍሪ ኤፕስቲን ሰነዶች ይውጡ የሚለው ጥያቄ ለወራት የፕሮግራም አቅራቢዎች ሲሳይ ሆኖ ቆየ። ሪፐብሊካኑ ቶማስ ማሲና ሌሎች ሦስት ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶቹ ጋር ፈርመው፣ ምክር ቤቱ ድምፅ እንዲሰጥ የሚያስገድደው 218ኛው ፊርማ ሲሟላ፣ በኖቬምበር 18 በ427 ለ1 አለፈ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ስንት የፀብ ሌሊት አለፈ!

ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ አፈ ጉባኤን ለመሻር ጥያቄ ለማቅረብ 9 አባላት ያስፈልጋሉ። አንድ ሰው ብቻውን እንደ ማካርቲ ሊያስነሳዎት አይችልም። ይህን ጥበቃ ይጠቀሙበት። ወገንዎ እርስ በርሱ ሲናቆር አባላቱን ወደ ቤታቸው አይላኩ፣ ይጥሯቸው። ማሲንም፣ የሚደግፉዎትንም፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይስጧቸው። ስለ ጤና መድኑም፣ ስለ ፉዌንቴስም፣ በስማቸው ተነሥተው ይናገሩ፤ ድምፅም ይስጡ። የምክር ቤቱን ውሎ በሚያሳየው ጣቢያ በሲስፓን ይተላለፋል። እኔ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአሌክሳንድሪያ የሚኖር መራጭ