ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፦ ድሬ የት ጋ ነው የምታልቀው?

ጤና ይስጥልን። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል የምሰራ ነርስ ነኝ። የስታቲስቲክስ ሰው አይደለሁም፣ ግን ቁጥራችሁ በየቀኑ እጄ ላይ ነው፣ ምክንያቱም በዓመት ስንት ልጅ መከተብ እንዳለብን፣ ስንት ብልቃጥ እንደሚላክልን፣ ወሩ ሲያልቅ ደሞ ስንት ፐርሰንት ሰራችሁ ተብለን የምንጠየቀው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚነሳው ከናንተ የህዝብ ቁጥር ነው፣ የሱም መሰረት የ1999ኙ ቆጠራ ነው፣ ከዛ ወዲህ ያለው ትንበያ ነው።

አንድ ማክሰኞ የሆነውን ልንገራችሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት አንዲት እናት ከሽንሌ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች፣ የልጁን ካርድ በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች፣ ዘጠኝ ወር ሞልቶታል ኩፍኝ መውሰድ አለበት። ስሙን መዝገቡ ላይ ጻፍኩና አድራሻው ጋ ስደርስ ሁሌ እንደማደርገው "ከካችመንት ውጪ" አልኩት፣ ጤና ጣቢያችን እንዲያገለግለው ከተመደበለት አካባቢ ውጪ ማለት ነው። ቀጥላ ያለችውም ከዛው ናት፣ ከሷ ቀጥላ ያለችው ደሞ ከደንገጎ በኩል የወረደች ናት። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ 6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፣ የዛን ቀን ግን የሚደፋ ነገር አልነበረም፣ እኩለ ቀን ሳይሆን የነበረን ሁሉ አለቀ። ስምንት ሰዓት ላይ እዚሁ ድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ካለው መልካ ጀብዱ ባጃጅ ኮንትራት ይዛ የመጣች እናት ደረሰችና ሐሙስ ተመለሽ አልኳት። ዕቅዳችን ውስጥ ያለችው እኮ እሷ ናት፣ ሳታስከትብ የተመለሰችውም እሷ ናት። የሽንሌዋን መመለስ ነበረብሽ የሚለኝ ካለ እኔ አልችልም፣ ኩፍኝ የክልል ወሰን አይቶ አይቆምም።

ወሩ ሲያልቅ ሪፖርታችን ከመቶ ፐርሰንት በላይ ወጣ፣ ለሱፐርቪዥን የመጣው ሰው ከመቶ በላይ ብሎ ነገር የለም ዳታችሁን አስተካክሉ ብሎን ሄደ። በጣም ነው ያመመኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ክንዳቸውን ይዤ የወጋኋቸው እኔ ነኝ፣ የተከተቡት ቁጥር ልክ ነው፣ ልክ ያልሆነው ዲኖሚኔተሩ ነው፣ መከተብ አለባቸው ተብሎ ከትንበያው የወጣውና የምንካፈልበት የልጆች ቁጥር ማለቴ ነው።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። በ1999 ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ህዝብ 341,834 ነው ተባለ፣ ከዚህ ውስጥ 233,224ቱ ከተማ፣ የቀረው ገጠር። ሽንሌ እዚሁ አፍንጫችን ስር ሆና ሶማሌ ክልል ናት፣ ሶማሌና አፋር ደሞ የተቆጠሩት እኛ ግንቦት ላይ ከተቆጠርን ከግማሽ ዓመት በኋላ ኅዳር 2000 ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የግመል ወተቷን ይዛ ጠዋት ድሬ ገብታ ሸጣ፣ ልጇን አስከትባ፣ ዘይትና ስኳሯን ገዝታ ማታ የምትመለስ ሴት በሌላ ወር በሌላ መዝገብ ነው የተቆጠረችው፣ የድሬ ሂሳብ ውስጥ የለችበትም።

በቆጠራው ከተማ የሚባለው በመርህ ደረጃ 2,000 እና ከዛ በላይ ሰው ያለበት ቦታ ነው፣ በተግባር ግን የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተማ ከሆነ ቁጥሩ አይታይም፣ የከተማ ነዋሪዎች ማህበር ካለው ይገባል፣ ከነዚህ ውጪ የሆነው ደሞ 1,000 ሰው ኖሮት አብዛኛው ከእርሻ ውጪ የሚተዳደር ከሆነ ይገባል። ለ1999 ይሄ መጥፎ አልነበረም። ግን ይሄ ህግ "ቦታው ከተማ ነው ወይ" ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ "የየትኛው ከተማ አካል ነው" ብሎ አይጠይቅም፣ የኔ ጥያቄ ደሞ እሱ ነው።

ሌላው ዓለም ለዚህ መላ አበጅቶለታል። የተባበሩት መንግስታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2020 እንደ ፈረንጆቹ የተቀበለው አሰራር አለ፣ አገሩን በሙሉ አንድ ኪሎሜትር በአንድ ኪሎሜትር ይሸነሽኑትና በካሬ ኪሎሜትር ቢያንስ 1,500 ሰው ያለባቸውን የተያያዙ ካሬዎች ሰብስበው ድምሩ 50,000 ከሞላ የከተማ ማዕከል ይሉታል፣ የአስተዳደር ወሰን የት ጋ እንዳለፈ አያዩም። ከዛ ደሞ ከሰራተኛው ቢያንስ 15 ፐርሰንቱ ወደዛ ከተማ ለስራ የሚመላለስበትን አካባቢ አንድ ላይ ይቆጥሩታል። በኛ መንገድ ግን በ1999 የተቆጠረውን የድሬን ጠቅላላ ህዝብ ለጠቅላላ መሬቱ ብታካፍሉት በካሬ ኪሎሜትር 300 እንኳን አይሞላም፣ ምክንያቱም አስተዳደሩ ከሺ ካሬ ኪሎሜትር በላይ ነው አብዛኛው ተራራና ሜዳ ነው፣ እዚህ ከተማው መሃል መጋላ ሰፈር ጠባቧ መንገድ ላይ በትከሻ እየተገፋ ለሚሄድ ሰው ይሄ ቁጥር ምን ይነግረዋል? የአስተዳደሩን ቁጥር የከተማው ቁጥር አድርጎ መጥቀስ ከተማውን በአንድ በኩል ያሳብጠዋል (የገጠሩን ህዝብ ይዞ)፣ በሌላ በኩል ያሳንሰዋል (ሽንሌን ትቶ)፣ ሁለቱ ስህተቶች ደሞ እርስ በርስ አይጣፉም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረግጥ፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ወሰን ሲነሳ ሰው ይደነግጣል፣ መደንገጡም ልክ ነው፣ ያየነውን አይተናል። እኔ ማንም መሬት ከማንም ይወሰድ አላልኩም። ዋሺንግተንን እዩ፣ ከተማዋ ራሷ በ2020 ቆጠራቸው 689 ሺህ ገደማ ህዝብ ነው ያላት፣ ሜትሮፖሊታን የሚሉት ግን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ገብቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ ይሆናል፣ የማንም ግዛት ወሰን ግን በዛ ምክንያት አልተነካም። ለስታቲስቲክስ የሚሰመር መስመር ነው፣ ፖሊስም ግብርም አብሮት አይመጣም።

እኛ ጋም እኮ ኑሮው ወሰኑን ካለፈ ቆየ። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ለሐረር ውሃ የመጣላት ከየት ነው? እዚህ ድሬ ቆላ ሀሰሊሶ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ያን ሁሉ ዳገት ሽቅብ ተገፍቶ ወጥቶ ነው በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር የሚደርሰው። ቧንቧው ስንት አስተዳደር እንዳቋረጠ ቁጠሩት። ውሃውን ያቀደው ሰው አካባቢውን አንድ ላይ ማየት ግድ ሆኖበታል፣ የክትባቱንና የትምህርት ቤቱን ዕቅድ የሚሰራው ሰው ግን እንደዛ የሚያይበት ቁጥር አልሰጣችሁትም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያው ሸገር ከተማም ያው ናቸው፣ የነሱን የሚጽፍ ሌላ ሰው አይጠፋም ብዬ ልለፈው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ቆጠራ ቅጹ ላይ የምትሰራው የት ነው የምትማረው የት ነው የሚል አንድ ጥያቄ ይግባ፣ ወረዳና ከተማው ይጻፍ። ውጤቱ ሲወጣ የአስተዳደሩ ቁጥር እንዳለ ይውጣ፣ አጠገቡ ግን ወሰን ሳይታይ የተያያዘው ከተማና የሚመላለሰው ህዝብ ቁጥር ለብቻው ይውጣ፣ የትኛው የቱ እንደሆነም በግልጽ ይጻፍበት። የቆጠራ ቦታ ካርታው ሲሰራም ድሬና ሽንሌ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰሩ፣ የሚቆጠሩበት ጊዜም አንድ ይሁን፣ ግማሽ ዓመት መለያየት ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም። እስከዛ ድረስ ደሞ ትንበያውን ስትልኩ ይሄ የነዋሪ ቁጥር ነው የተገልጋይ አይደለም የምትል አንዲት መስመር ከስሩ ብትኖር፣ ከመቶ በላይ ሰራችሁ ተብለን አንሰደብም ነበር።

የኔ መዝገብ አለ፣ ከካችመንት ውጪ ብዬ የጻፍኳቸው ሁሉ ከነመጡበት ቦታ ተጽፈዋል፣ ስም ሸፍኜ ልሰጣችሁ ዝግጁ ነኝ። የካርታ ሰዎቻችሁ ድሬ ሲመጡ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሽንሌ ሚኒባሶች የሚያራግፉበት ቦታ ይቁሙ፣ ከዛ አብረን ወደ ጤና ጣቢያው እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር
የክትባት ክፍል ነርስ፣ ድሬዳዋ