የማሞቂያው ፋን ሞተር ከመለወጡ በፊት ይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አሮጌ መኪኖች አያያዝ በምታወጧቸው ጽሑፎች ዘይት፣ ፍሬንና ጎማ በተደጋጋሚ ሲነሱ፣ የማሞቂያው ፋን ግን እምብዛም ሲጠቀስ አላየሁም። ፋኑ የምቾት ዕቃ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳስበኛል። በዝናብና በብርድ ጊዜ የፊት መስታወቱን ከጉም የሚያጠራው እሱ በመሆኑ፣ ሲቆም አሽከርካሪው በመዳፉ በጠረጋት ጠባብ ቦታ እያጮለቀ ለመንዳት ይገደዳል። በመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት ደግሞ፣ ፋኑ በደከመ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰሰው ሞተሩ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ጥፋቱ ነው።

አንድ ደንበኛ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አስለውጦ፣ ፋኑ ግን እንደ ቀድሞው እየተጎተተ ሲዞርበት ወደ እኔ መጣ። ከእኔ በፊት ያየው ሰው የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ ሲለካ ሙሉውን 12 ቮልት ስላገኘ፣ “ኃይል ይደርሳል፤ ችግሩ ሞተሩ ነው” ብሎት ነበር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መለኪያው ራሱ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የማይገባ በመሆኑ፣ ሽቦው ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። እውነቱ የሚወጣው ሶኬቱ እንደተሰካና ፋኑ በከፍተኛው ፍጥነት እየሠራ ሲለካ ነው። እኔም እንደዚያ ስለካ በባትሪው ላይ 12.2 ቮልት፣ በሞተሩ ላይ ግን 8.9 ቮልት ብቻ አገኘሁ። የጎደለውን 3.3 ቮልት ለመፈለግ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ፖዘቲቭ ላይ ሳደርግ 0.3 አሳየ፤ በኔጌቲቩ በኩል ተመሳሳዩን ሳደርግ 3.0 አሳየ። ቮልቴጁ የሚጠፋው በዚህ በኩል ስለሆነ የኔጌቲቩን ሽቦ ተከትዬ ስሄድ፣ ከምንጣፉ ሥር ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበት ብሎን በዝገት ተሸፍኖ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ጠቁሮ አገኘሁት። ፋኑ 15 አምፔር ያህል ይስብ ስለነበር፣ በዚያች አንዲት ብሎን ላይ 45 ዋት ሙቀት ይፈጠር ነበር ማለት ነው፤ ይህም የአንድ መበየጃ ካውያ ሙቀት ያህል ነው። ብሎኑን ፈትቼ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ አጽድቼ መልሼ ሳስር ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ነፈሰ። ሁለቱም የተጣሉት ሞተሮች ጤነኛ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ፋኑ በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ እየሠራ በዝቅተኞቹ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዝቅተኛ ፍጥነቶችን የሚሰጠው ሬዚስታንስ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቀንስ ዕቃ) ሲሆን፣ ከፍተኛው ፍጥነት ሬዚስታንሱን አልፎ በቀጥታ ስለሚሄድ እሱ ብቻ ይተርፋል። ይሁንና ሬዚስታንሱን ለውጦ መሸኘት በቂ አይደለም። ይህ ዕቃ በአየር መተላለፊያው ውስጥ የተቀመጠው ፋኑ በሚነፍሰው አየር እንዲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ መተላለፊያው በቅጠልና በአቧራ ከታፈነ ወይም የሞተሩ ኩሽኔታ ደርቆ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ከሳበ አዲሱም መቃጠሉ አይቀርም። ሞተሩ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ መታ ሲደረግ ተነስቶ ጥቂት ቆይቶ የሚቆም ከሆነ ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው) አልቋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በመርማሪ አምፖል (ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ሲኖር በሚበራ መሞከሪያ) ለሚሠሩም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በአንዳንድ መኪኖች የፋኑ ማብሪያ ያለው በኔጌቲቩ በኩል ነው። በእነዚህ ላይ ቁልፉ ተከፍቶ ፋኑ ሲጠፋ በሁለቱም የሞተሩ ሽቦዎች ላይ አምፖሉ ሊበራ ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሽቦዎቹ የተነካኩ መስሎት ያለ ምክንያት ይፈታታል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል በትልቅ የመተካት ልማድ ነው። በ20 አምፔር ቦታ 30 የሚያስገባ ሰው ብልሽቱን አልጠገነም፤ ሽቦውን ፊውዝ አደረገው እንጂ። ሽቦው ደግሞ የሚቀልጠው ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ በፕላስቲክና በስፖንጅ መካከል ነው። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር መጠየቅ ያለበት ሞተሩ ስንት አምፔር እንደሚስብና ሽቦው የት እንደተላጠ ነው።

ስለዚህ የተሽከርካሪ አምዳችሁ የዚህን ፋን የኤሌክትሪክ መስመር ከባትሪው እስከ ኔጌቲቩ ብሎን በቀላል ሥዕል አስደግፎ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመኪና ባለቤቶችም “ሞተሩ ይለወጥ” ሲባሉ፣ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ፋኑ እየሠራ በሞተሩ ላይ ስንት ቮልት እንደተለካ ይጠይቁ፤ ቁጥሩን መናገር የማይችል ባለሙያ ገና አልለካም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ