በጀቱ ምክር ቤት ገብቶ እንደገባ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰኔ በተገባደደ ቁጥር ከየምክር ቤቱ የሚሰማው የበጀት ዜና አንድ ዓይነት ነው። የገንዘቡ መጠን ይነገራል፣ ካለፈው ዓመት በምን ያህል እንደሚበልጥ ይጠቀሳል፣ በሙሉ ድምፅ ወይም በአብላጫ ድምፅ መጽደቁ ይገለጻል፤ በዚያው ያበቃል። ረቂቁ ወደ አዳራሹ ሲገባ ምን ይል እንደነበረ፣ ተመራጮቹ ከየትኛው ርዕስ ቀንሰው ለየትኛው እንደጨመሩ፣ ማን ምን ማሻሻያ አቅርቦ ድምፅ እንዳጣ የሚነግረን የለም። በደቡብ ወሎ ዞን በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በበጀት ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ የጋዜጠኞች ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚነገር ለውጥ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠ ነገር ስለሌለ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ምክር ቤቶቻችን፣ በተለይም የወረዳ ምክር ቤቶች፣ መደበኛ በጀትን፣ ማለትም ደመወዝንና የየዕለት ሥራ ማስኬጃ ወጪን የሚሸፍነውን፣ ከማጽደቅ አልፈው ማሻሻል እንዲጀምሩ ለመጠየቅ ነው።

ጉዳዩ ለወሎ ሰው ሩቅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ክልሎች በጀታቸውን የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን እንዳላቸው ደንግጓል። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ለክልሎች ይከፋፈላል፤ ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያደርሳል። ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ ወረዳዎች ይህን ገንዘብ በጥቅል እየተቀበሉ፣ ለትምህርቱ ይህን ያህል፣ ለጤናው ይህን ያህል፣ ለግብርናው ይህን ያህል ብለው የሚደለድሉት ራሳቸው ሆነዋል። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ዞኖች የክልሉ መንግሥት የአስተዳደር እርከኖች እንጂ በጀት የሚያጸድቅ የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው አይደሉም፤ ከሚሴ ላይ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ግን የራሱ ምክር ቤት አለው። ስለዚህ ለለጋምቦ፣ ለአምባሰል፣ ለሀብሩ ወይም ለመቄት ገበሬ በጀቱ በመረጠው ሰው ፊት የሚቀርብበት ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ የወረዳው ምክር ቤትና ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት። በእነዚህ በሁለቱ ተመራጩ ካልተከራከረለት ሌላ የሚከራከርለት የለም።

የወረዳ መደበኛ በጀት ሲገለጥ ትልቁን ድርሻ ይዞ የሚታየው በሒሳብ መደብ (የአንድ ወጪ ዓይነት መለያ ቁጥር) 6111 የሚመዘገበው የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው ከዚያ ይከፈላሉ፤ ከእሱ ላይ ይቀነስ የሚል ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛው መነሻ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱም የኑሮው ውድነት ለጎዳው ሠራተኛ የሚገባው ነበር። ክርክር ሊደረግበት የሚገባው ከደመወዝ በሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ላይ ነው፤ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የተሽከርካሪ ጥገና፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ኅትመት። ከውጭ ለሚያየው እነዚህ ጥቃቅን ርዕሶች ናቸው። ነገር ግን ከአስፋልት እጅግ በራቀ የደጋ ቀበሌ ምጥ ለጠናባት እናት፣ አምቡላንሱ ግንቦት ላይ ከጤና ጣቢያው ግቢ መውጣት መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ሰኔ ላይ በመደብ 6217 የተጻፈው የነዳጅ ቁጥር ነው። በጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ነዳጁ አልቆ፣ የታማሚ ቤተሰብ በየጎረቤቱ እያዋጣ ሲያስሞላ ያየ ሰው ጥቃቅን አይላቸውም።

አንድ የወረዳ ጉባኤ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የበጀት ሰነዱ ለአባላት የታደለው በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር፤ ብዙዎቹ ገጾቹን ሳይገልጡ ከሰዓት በኋላ ውይይቱ ተከፈተ። አንድ አዛውንት አርሶ አደር መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን ከቁጥሮቹ ላይ ሳያነሡ ጠየቁ፤ «የጤና ጽሕፈት ቤቱ ነዳጅ ካምናው አልጨመረም። የአስተዳደሩ ውሎ አበል ግን ጨምሯል። ከዚህ ቀንሳችሁ ወደዚያ ብታዞሩት ምን ይከለክላል?» ጥያቄው ከዚህ የበለጠ ሊጠራ አይችልም፤ ምንጩን ጠቅሷል፣ መድረሻውን ጠቅሷል፣ ጣሪያውን፣ ማለትም ለወረዳው ከላይ ተወስኖ የመጣውን ጠቅላላ መጠን፣ አልነካም። ከመድረክ የተሰጠው መልስ «አስተያየቱ በግብዓትነት ተይዟል፣ በአፈጻጸም ወቅት ይታያል» የሚል ነበር። ከዚያ ወደ ድምፅ መስጠት ተሄደ፤ እኒያ አባትም እጃቸውን ከሌሎቹ ጋር አነሡ። በረቂቁ ላይ የተነካ አንድም ቁጥር አልነበረም።

«በአፈጻጸም ወቅት ይታያል» የሚለው መልስ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ዝውውር ይደረጋል፤ አንድ መሥሪያ ቤት ከአንዱ የሒሳብ መደብ ወደ ሌላው እንዲዛወርለት በደብዳቤ ይጠይቃል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ባለሙያው ይመዘግባል። ዝውውር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዓመቱን አስቀድሞ አይቶ የሚጨርስ የበጀት ባለሙያ ስለሌለ ያስፈልጋል። የሚያሳዝነው ተመራጩ በአደባባይ ጠይቆ የተከለከለውን ማሻሻያ ሥራ አስፈጻሚው በቢሮው ሆኖ ያለ ክርክር ማድረግ መቻሉ ነው። ቁጥሩ የማይነካ ቅዱስ ነገር ሆኖ የሚቀርበው ምክር ቤቱ በተቀመጠባት በዚያች ቀን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማልና የአሜሪካዋን ቴክሳስ ግዛት ልጥቀስ። የግዛቷ ሕግ አውጪ በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ለ140 ቀናት ብቻ መደበኛ ጉባኤ ይቀመጣል፤ የሁለት ዓመቱንም በጀት በዚያ ጊዜ ውስጥ ያጸድቃል። ረቂቁ በቅድሚያ ለኮሚቴ ይመራል፤ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ኮሚቴው ፊት ቀርበው ስለወጪያቸው ይጠየቃሉ፣ ተራው ዜጋም ቀርቦ ይናገራል። ከዚያ 150 አባላት ወዳሉት የተወካዮች ምክር ቤት ሲመጣ፣ አባላቱ ማሻሻያዎቻቸውን ከክርክሩ ቀን አስቀድመው በጽሑፍ ያስገባሉ፤ ብዛታቸው በመቶዎች የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፣ ክርክሩም እስከ እኩለ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። ምክር ቤቱ ለዚህ ክርክር የሚያጸድቀው ደንብ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቃል፤ ለአንድ ርዕስ ገንዘብ ይጨመር የሚል አባል ያንኑ ያህል ከየትኛው ርዕስ እንደሚቀነስ በማሻሻያው ላይ ማሳየት አለበት። እኒያ የወሎ አዛውንት ያቀረቡት ጥያቄ ይህን ደንብ ቃል በቃል ያሟላ ነበር፤ እዚያ ቢሆን ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ክርክር ተደርጎበት፣ ድምፅ ይሰጥበት ነበር።

ነገሩ በዚያ አያበቃም። 31 አባላት ያሉት ሴኔት የራሱን ቅጂ ያወጣል፤ ልዩነቱን ከሁለቱም ወገን አምስት አምስት ሰዎች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። በሕዝብ የሚመረጠው የግዛቷ የሒሳብ ሹም የሚጠበቀው ገቢ ወጪውን እንደሚሸፍን ያረጋግጣል፤ አገረ ገዥውም ሕጉን በሙሉ ሳይጥል አንድን የወጪ ርዕስ ነጥሎ መሰረዝ ይችላል። ይህን ስጽፍ እዚያ ሁሉ ነገር የተስተካከለ ነው እያልኩ አይደለም። በአደባባይ ካለፉት ማሻሻያዎች ብዙዎቹ ገንዘብ ወደማይመደብበት የበጀቱ ክፍል፣ ማለትም ወደ አንቀጽ 11፣ ተወስደው በዚያው ይቀራሉ፤ ወሳኙ ድርድር በአሥሩ ሰዎች መካከል የሚያልቅበት ጊዜም ብዙ ነው። ቢሆንም የትኛው አባል ምን እንደጠየቀና እነማን እንደተቃወሙት በስም ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ መራጩ ወኪሉ ለመንደሩ መከራከር አለመከራከሩን የሚያውቅበት ሰነድ አለው። የእኛ መራጭ ይህ የለውም።

እዚህ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ የሚነሣው መከራከሪያ «ጣሪያው ከላይ ተወስኖ ስለሚመጣ ምክር ቤቱ ምንም ማድረግ አይችልም» የሚል ነው። ጣሪያው ከላይ መምጣቱ እውነት ነው፤ ከጣሪያው በታች ያለው ድልድል ግን የወረዳው ነው፣ ጥቅል በጀት የተባለውም ለዚሁ ነው። ሌላው መከራከሪያ አስተዳደሩም የምክር ቤቱ አብላጫም ከአንድ ፓርቲ ስለሆኑ ማሻሻያ ማቅረብ የራስን ወገን መቃወም ይሆናል የሚል ነው። ይህ በግልጽ ባይነገርም አባላትን አፋቸውን የሚያስይዛቸው እሱ እንደሆነ እገምታለሁ። የፓርቲ ዲሲፕሊን ስለፖሊሲ ይሁን፤ የአምቡላንስ ነዳጅ ከስብሰባ ውሎ አበል ይቅደም ማለት ግን ማንንም ከፓርቲው መስመር የሚያስወጣ አይደለም። አባሉ የተወከለው በቀበሌው ሕዝብ ነው፤ በጀቱ ሲያንስ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ማሻሻል የሰኔ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ዋጋም ተለወጠ፤ በኅዳር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ትልቁ ምክር ቤት በዓመቱ አጋማሽ ተሰብስቦ የራሱን ቁጥር መለወጥ ከቻለ፣ በሰኔ ዋጋ የተያዘ የነዳጅ በጀት ታኅሣሥ ላይ እንደማይበቃ የሚያውቅ የወረዳ ምክር ቤትም ተሰብስቦ ድልድሉን እንደገና ማየት ይችላል፤ ውሳኔውን ለዝውውር ደብዳቤ መተው የለበትም።

ለወሎ ይህ ሌላ ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ብዙ ወረዳዎችን ሲያዳርስ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ በመንግሥት፣ አንዳንዱ በለጋሽ ድርጅት፣ አንዳንዱም በአገሬው ሰው መዋጮ ተጠግኗል። ሕንፃ የሚታደሰው በካፒታል በጀት ወይም በእርዳታ ነው፤ በታደሰ ማግስት ግን የማብራት ክፍያው፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የጽዳት ዕቃው፣ የጠመኔውና የወረቀቱ ወጪ በመደበኛ በጀት ላይ ያርፋል። ይህን ቀድሞ የሚያውቀው ከዚያ ቀበሌ የመጣው ተመራጭ ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጀው ባለሙያ አምና በነበረው ቁጥር ላይ ጥቂት ጨምሮ ሊያልፈው ይችላል። ተመራጩ ካላስተካከለው ጣሪያው አዲስ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት ይዘን እንቀመጣለን።

ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤትም ሆነ የየወረዳው አፈ ጉባኤዎች በአሠራር ደንባቸው ውስጥ ጥቂት ነገሮችን እንዲያስገቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የበጀት ረቂቁ ከነሒሳብ መደቡ ከጉባኤው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በአባላት እጅ ይግባ፣ በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ። አባል ማሻሻያ ሲያቀርብ ከየትኛው መደብ ምን ያህል ተቀንሶ ወደ የትኛው እንደሚዞር በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ በግብዓትነት ተይዟል ተብሎ ሳይታለፍ ለብቻው ድምፅ ይሰጥበት፤ የደገፉትና የተቃወሙት ስም በቃለ ጉባኤው ይስፈር። ምክር ቤቱ በድምፅ የወሰነውን ድልድል የሚቀይር ዝውውር ሲኖር ለበጀት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሳይቀርብ አይፈጸም። ይህ ሁሉ አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ከባድ ሥራም አይደለም፣ ሰነዱ ቀድሞውኑ በኮምፒውተሩ ውስጥ አለና።

ከጋዜጣችሁም የምለምነው አለኝ። በሚቀጥለው ሰኔ ሪፖርተራችሁን ወደ አንድ የወሎ ወረዳ ምክር ቤት ላኩ። የገንዘቡን ጠቅላላ መጠን በአንድ መስመር ጻፉትና፣ በቀረው ቦታ ረቂቁ ሲገባ የነበሩትን የሥራ ማስኬጃ ርዕሶች በአንድ በኩል፣ የጸደቁትን በሌላ በኩል አድርጋችሁ አትሙልን። ሁለቱ ዓምዶች አንድ ዓይነት ሆነው ከተገኙ ያንኑ ለአፈ ጉባኤው አሳይታችሁ፣ በዕለቱ ምን ማሻሻያ ቀርቦ እንደነበር ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የበጀት ባለሙያ፣ ከደሴ